ሞምባሳ ስትሄዱ ከተማው ውስጥ ቤት ተከራዩ

ቤተሰቡን ይዞ ወደ ባሕር መውጣት የቻለ አዲስ አበቤ የሚገዛው ጉዞ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የአውሮፕላን ቲኬት፣ አሸዋው ጥግ የተሠራ ሆቴል፣ ቁርስ ምሳ እራት፣ ከአየር ማረፊያ ተቀብሎ የሚያደርስና መልሶ የሚያመጣ መኪና። ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ሰው ማረፍ መብቱ ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ሞምባሳን የመሰለች ከተማ አጠገብ ደርሶ ከአጥር ወዲህ ሰንብቶ መመለስ ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ወደ ሞምባሳ የምትሄዱ ከሆነ፣ በተለይ አዛውንትና ልጆች ይዛችሁ ከሆነ፣ ከተማው ውስጥ ነዋሪ ባለበት ሕንፃ ላይ አፓርታማ ተከራዩ፤ ተከራይታችሁም እንደ ጎረቤት ኑሩ።

የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። የሕንድ ውቅያኖስን ወቅታዊ ነፋሶች ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ ሞምባሳን ለክረምት የመረጥኩትም በዚሁ ነፋስ ምክንያት ነው። በኬንያ ጠረፍ በዓመት ሁለት ነፋሶች ይፈራረቃሉ። ከታኅሣሥ ገደማ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገደማ ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣውን ደግሞ ኩሲ። ከአረቢያና ከሕንድ የሚነሱ ባለሸራ መርከቦች በካስካዚ ገብተው ጨርቅና ሸክላ ያራግፉ፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንጨት፣ ክፉ ሲሆንም በባርነት የተያዘ ሰው ጭነው በኩሲ ይመለሱ ነበር። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ይህ ምልልስ ነው። ለእኛ ደግሞ ወቅቱ ገጥሞልናል። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ለብሳ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ልጆች ቤት ውስጥ ሲታፈኑ፣ ሞምባሳ ከዓመቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የምትልበት ጊዜ ነው። ከባዱ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ወርዶ አልፏል፤ የቀኑ ሙቀት 27 ወይም 28 ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ ነፋሱም አያቋርጥም። እርግጥ ኩሲ ባሕሩን ያናውጠዋል፣ የባሕር ሣርም እየገፋ ወደ ዳር ያመጣል። በጠራ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ዓሣ ለማየት የሚፈልግ በጥርና በየካቲት ቢሄድ ይሻለዋል። ቤት ተከራይቶ ለመሰንበት ግን ክረምታችንን የሚያህል የለም። አውሮፕላኑም ከአዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል፤ ጉዞው ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አያስፈልግም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒትም ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ጠረፉ ወባማ ነው።

በነሐሴ የሚጓዝ የተዋሕዶ ምእመን ቤተሰብ ደግሞ ፍልሰታ ያገኘዋል። ቤት የመከራየትን ነገር አጥብቄ እንዳስብ ያደረገኝ ይህ ነው። እናቴ በፍልሰታ ቅቤና ወተት ቀርቶ ቅቤ የነካው መጥበሻ ላይ የተሠራ ነገር አትቀምስም። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች እተወዋለሁ፤ እርሷ አትበላም። እንዲህ ያለችን እናት ምግቡ በረድፍ ተደርድሮ በሚቀርብበት የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ማዞር፣ ይህ ምን አለበት፣ ያኛውስ በምን ተሠራ እያሉ አስተናጋጅ መጠየቅ፣ በመጨረሻም ዳቦና ሐብሐብ ይዞ መቀመጥ ዕረፍት አይደለም። ማድ ቤት ያለው ቤት ስትከራዩ ሽሮው ከሻንጣ ይወጣል። ስታሽጉት ግን በፌስታል አታድርጉት፤ ኬንያ የፕላስቲክ ከረጢት ከ2017 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከልክላለች። በጨርቅ ከረጢትና በቆርቆሮ ይሁን።

ደግሞም የጠረፉ ሰው ማድ ቤት ለጿሚ የተመቸ ነው። ኮኮናት ተፍቆ፣ በውሃ ታሽቶና ተጨምቆ የሚወጣው ነጭ ወተት የእንስሳ ወተትና ቅቤን ቦታ ይይዛል። በርግብ አተር የሚሠራ ምባዚ የሚሉት ወጥ አላቸው፤ በዚሁ የኮኮናት ወተት ተንተክትኮ ወፈር ይላል። ከእርሱ ጋር የሚበላው ማሃምሪ ደግሞ ሄል የገባበት፣ በውስጡ ባዶ ሆኖ የሚነፋ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው፤ ብዙዎቹ ሲያቦኩትም በኮኮናት ወተት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው በየመንገዱ ይሸጣሉ። እናቴ ሻጯ ፊት ቆማ፣ የእህቴ ልጅ በእንግሊዝኛ እየጠየቀላት፣ ወተት አለመግባቱን አረጋግጣ ነው የበላችው። ከዚያ ወዲያ ቁርሳችን እርሱ ሆነ።

የተከራየነው ኪዚንጎ በሚባል ሰፈር ነው። ሞምባሳ መሃሏ ደሴት መሆኑን ልብ በሉ፤ የሆቴሎቹ አሸዋ ያለው ከደሴቷ ውጭ፣ በሰሜን ኒያሊና ባምቡሪ፣ በደቡብ ዲያኒ ነው። ኪዚንጎ በደሴቷ ደቡባዊ ጫፍ፣ ትላልቅ የባኦባብ ዛፎች ባሉበት፣ ማማ ንጊና ከሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ አጠገብ ያለ የቆየ ሰፈር ነው። እዚህ የሚዋኙበት አሸዋ የለም። ነገር ግን ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ የከተማው ቤተሰብ ሁሉ ይወጣል፤ ልጆች ይሮጣሉ፣ አሮጊቶች የግንቡ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፣ የካሳቫ ጥብስ በቃሪያና በሎሚ ይሸጣል፣ የለጋ ኮኮናት ውሃ በቢላዋ ተከፍቶ ይቀርባል፣ ወደ ኪሊንዲኒ ወደብ የሚገቡ የኮንቴይነር መርከቦች በጣም ቀርበው ያልፋሉ። ወደብ የሌለው ሀገር ልጆች መርከብን በዚያ ርቀት ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ለተማሪዎቼ ወላጆች ሁሉ ባሳይ ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ በየምሽቱ ወደዚያ ካልሄድን ብሎ ያስቸግረን ነበር።

ስለ ቤቱ እውነቱን ልናገር፤ ሁሉ ነገር አልተመቸንም። ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ጨዋማ ነው። የሞምባሳ ጣፋጭ ውሃ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ አንዱ መስመር ጻቮ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው የምዚማ ምንጭ ተነስቶ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ለከተማውም አይበቃም። ስለዚህ ብዙ ሕንፃ የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃውን ወደ ጣሪያ ሮቶ ይስባል። ደሴቷ የቆመችው በኮራል ድንጋይ ላይ ነው፤ ኮራል ደግሞ እንደ ወንፊት ባሕሩን ያሳልፋል። ለገላና ለልብስ ይሆናል፤ ሳሙናው ግን አረፋ አይወጣውም። በዚህ ውሃ የተፈላ ቡና ደግሞ አይጠጣም። የመጀመሪያውን ጀበና እናቴ ቀምሳ መሬት ላይ ደፋችው።

ጎረቤት ያስተዋወቀን ይህ ውሃ ነው። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እናት፣ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ያሉ ባልቴት፣ የቡናውን ሽታ ተከትለው በራቸውን ከፈቱ። የሆነውን ሲረዱ ከቤታቸው የጣፋጭ ውሃ ጀሪካን አስወጡልን፤ ውሃ የሚያመጣውን ልጅ ስልክ ደግሞ ለእህቴ ሰጧት። ዘበኛውን አስፈቅደን በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥለን በጣፋጩ ውሃ እንደገና ስናፈላ እርሳቸውም መጥተው ተቀመጡ። በእነርሱ ዘንድ ቡና ዝንጅብል ይገባበታል፤ ያለ ስኳር፣ እጀታ በሌላት ትንሽ ስኒ ይጠጣል፤ ሻጮች ከሰል ላይ የተጣደ የነሐስ ማንቆርቆሪያ ይዘው በአሮጌው ከተማ ይዞራሉ። የእኛን ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው፣ በማግስቱ የራሳቸውን አፍልተው ጠሩን። እናቴ አንድ የስዋሂሊ ቃል ሳታውቅ ከእኚህ ሴት ጋር ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትውል አይቻለሁ፤ ልጆች እያስተረጎሙ ጀምረው ወደ በኋላ አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። የሆቴል ኮሪደር እንዲህ ያለ ጎረቤት አይሰጥም፤ በየበሩ ያለው ሰው እንደ እናንተው እንግዳ ነውና።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ለእናቴ ከተማዋን ከሁሉ በላይ ያቀለለላት የሰዓቱ ቆጠራ ነው። የስዋሂሊ ሰዓት እንደ እኛው ከንጋት ይቆጠራል። ጀሪካን የሚያመጣው ልጅ ጠዋት አራት ሰዓት እመጣለሁ ሲል አራት ሰዓት ነው፤ ፈረንጅ አሥር የሚለው። ዘበኛው አራት ጣቱን ሲያሳያት የእጅ ሰዓቷን አይታ ራሷን ነቀነቀች፤ ልጁም በሰዓቱ ደረሰ። ባሕር ማዶ ሁሉ በሌላ ሰዓት የሚኖር ይመስላት ለነበረች የሰባ ዓመት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለታችንም ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ የምንኖር፣ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በተቀራራቢ ሰዓት የምትወጣልን ሕዝቦች ነንና ቀኑን ከፀሐይ መቁጠራችን አይገርምም።

ከተማው ውስጥ ማደር ለጉብኝትም ይበጃል። ከሆቴል የሚነሳ አስጎብኚ መኪና ፎርት ኢየሱስ የሚያደርሳችሁ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ በፍጥነት ያዞራችሁና ወደ ቅርጻ ቅርጽ ሱቅ ይወስዳችኋል። እኛ በእግራችን በጠዋት ሄድን፤ ሙቀቱ ሲከብድ ተመለስን፤ ያላየነውን በሌላ ጠዋት አየን። ምሽጉን ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 በኮራል ድንጋይ ሠሩት፤ ንድፉ የጣሊያናዊው አርክቴክት የጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነው፤ ዩኔስኮ በ2011 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በ1631 የሞምባሳው ሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሐሰን በፖርቱጋሎቹ ላይ ተነስቶ አዛዡን ገደለው። በኋላም የኦማን ጦር ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698 ከብቦ ያዘው። ከበባውን ለመስበር ከመጡት መርከቦች አንዷ፣ ሳንቶ አንቶኒዮ ደ ታና፣ በ1697 እዚያው ሥር ሰጥማለች፤ ከባሕሩ ወለል የወጡ ዕቃዎቿ ሙዚየሙ ውስጥ ይታያሉ።

እኔን ግን ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። የዳ ጋማን ስም እኛ የምናውቀው በልጁ ነው። ክርስቶፎር ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ምፅዋ ወርዶ፣ ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋግቶ፣ በ1542 ተማርኮ የተገደለው ነው፤ በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን ለነገሥታቱ የደረሰ ባለውለታ ሆኖ ይነገራል። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 ሞምባሳ ወደብ ደርሶ ከከተማው ጋር ሳይስማማ ወደ ማሊንዲ አለፈ። ከሰባት ዓመት በኋላ ፍራንሲስኮ ደ አልሜይዳ የተባለው የፖርቱጋል አዛዥ ከተማዋን ዘርፎ አቃጠላት። ምሽጉን ያስጎበኘን ወጣት ይህን ሲተርክ ፖርቱጋሎቹን የሚጠራቸው እንደ ወራሪ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ስለ እነርሱ የማወራበት ድምፅ ሌላ ነበር። አንድ መንግሥት፣ አንድ ባሕር፣ በግማሽ ክፍለ ዘመን ውስጥ የሆነ ነገር፤ ከደጋው ሲያዩት አጋዥ፣ ከወደቡ ሲያዩት አቃጣይ። ከግንቡ አናት ላይ ሆኜ ልጄን ሁለቱንም እንዲጽፍ አድርጌዋለሁ፤ ተማሪዎቼንም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ከኒያሊ ድልድይ ማዶ ደግሞ አስጎብኚ መኪና ብዙም የማይቆምበት መቃብር አለ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ከ1839 እስከ 1842 ሸዋ፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ተቀምጦ ነበር። ወደ ሸዋ መመለሻው ሲዘጋበት ወደ ኦሮሞ ምድር በደቡብ በኩል እገባለሁ ብሎ በ1844 ሞምባሳ ወረደ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ባለቤቱ ሮዚነና አዲስ የተወለደች ልጃቸው በወባ ትኩሳት ሞቱ፤ መቃብሩ የእነርሱ ነው። እርሱ ግን ቀረ፤ በ1850 የስዋሂሊን ሰዋስው አሳተመ። ከአንኮበር የተነሳ መንገድ እዚህ መድረሱን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ስንት ነው? ቱክቱክ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ባጃጅ ማለት ነው፤ ከመሳፈር በፊት ዋጋ ተነጋገሩ።

ስለ ሌላው ባጭሩ። የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነፃ ነው፤ ከሠራተኛው፣ ከተማሪውና ዶሮ ከያዘችው ሴት ጋር ቆሞ መሻገር ከማንኛውም የባሕር ሽርሽር ይበልጣል። ባምቡሪ ያለው ሃለር ፓርክ ልጆቹን ብቻ ሳይሆን እኔንም ይዞኛል፤ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ ኮራሉን ቆፍሮ የተወው ራቁት ጉድጓድ ነበር። ከ1971 ጀምሮ ሬኔ ሃለር የተባለው የግብርና ባለሙያ ብዙ ዓይነት ዛፍ ሞክሮ ሸውሸዌ ጸናለት፤ የሚረግፈው ቅጠል አልበሰብስ ሲል ሺ እግር የሚባሉትን ትንንሽ ፍጥረታት አምጥቶ ለቀቀበት፤ እነርሱ እየበሉ አፈር ሠሩለት። በየተቆፈረው የድንጋይ ካባ ላይ ምን ይደረግ የሚል ሰው ሄዶ ይየው። በታኅሣሥ 2004 ሱናሚ ከእናቱ የለየው የጉማሬ ግልገል ከሽማግሌ ኤሊ ጋር ተጎዳኝቶ ዓለምን ያስገረመውም እዚሁ ነው።

መዋኘት ያሰኘን ቀን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ወደ ባምቡሪ የሕዝብ ዳርቻ ሄድን። በኬንያ ሕገ መንግሥት ባሕሩ ሲሞላ በሚደርስበትና ሲጎድል በሚቆምበት መካከል ያለው መሬት የሕዝብ ነው። እሑድ ቀን የሞምባሳ ሕዝብ መብቱን ሲጠቀምበት ማየት ደስ ያሰኛል፤ አያቶች ከነቀሚሳቸው ውሃው ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ልጆች በተነፋ ጎማ ይንሳፈፋሉ። እናቴ የባሕር ውሃ እግሯን ያስነካችው እዚያ፣ ከእነዚያ አያቶች አጠገብ ነው። የሆቴል አሸዋ ላይ ከሚተኙት መካከል ቢሆን ቀሚሷን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ትገባ ነበር ብዬ አላምንም። የውሃውን መሙያና መጉደያ ሰዓት ጠይቃችሁ ሂዱ፤ ሲጎድል በጣም ርቆ ይሄዳል። ጫማም አድርጉ፤ ኮራሉና እሾሃሙ የባሕር ፍጡር እግር ይወጋል።

ጎረቤት መሆን ግን ግዴታም አለው። የተከራያችሁት ሕንፃ ልጆች ለፈተና የሚያጠኑበት፣ አዛውንት ለሱብሂ ሶላት የሚነሱበት የሰው ቤት ነው። ሙዚቃ በሌሊት አይከፈትም። በአሮጌው ከተማ ስትሄዱ ትከሻና ጉልበት ሸፍኑ፤ ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፤ የተቀረጹትን በሮች ስታደንቁ ከበሩ ኋላ ሰው እንደሚኖር አስታውሱ። ለእንግዳ የሚከራይ ቤት በበዛበት ከተማ ሁሉ የነዋሪው ቅሬታ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እንግዳው ለሳምንት የሚረብሸውን ጎረቤቱ ዓመቱን ሙሉ ይሸከመዋል። እኛ ለእንግዳ ክብር እንሰጣለን የምንል ሕዝብ፣ እንግዳ ስንሆንም ልንታወቅበት ይገባል።

ከመክፈላችሁ በፊት ባለቤቱን አጥብቃችሁ ጠይቁ። የምታውቁት ሰው የባሕር ሥዕል አይቶ ተከራይቶ መስኮቱ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ተከፍቶበት ያውቅ ይሆናል፤ የእኛ ወዳጆች ደርሶባቸዋል። ሳሎኑ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይከፈት እንደሆነ፣ በሌላው በኩልም መስኮት እንዳለው ጠይቁ፤ ኩሲ ገብቶ የሚወጣበት ቤት በክረምት ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። መብራቱ እንደ እኛ የካርድ ቆጣሪ ነው፤ የሚሞላው ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? አልጋው የወባ አጎበር አለው? የሚጠጣ ውሃ በስንት ይመጣል? እንደደረሳችሁ በፓስፖርታችሁ የስልክ ሲም አውጡና ኤም ፔሳ ክፈቱ፤ ኬንያ ከ2007 ጀምሮ የምትገበያየው በእርሱ ነው፤ ማሃምሪ ሻጯም በእርሱ ትቀበላለች።

አዲስ አበባ ላሉ የጉዞ ወኪሎችም አንድ ጥያቄ አለኝ። ከሆቴል ጥቅሉ ጎን የከተማ ቤት ጥቅል አዘጋጁ፤ ማድ ቤት፣ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ደረጃ ለማይችሉ አዛውንት ዝቅተኛ ፎቅ። ለስድስት ሰው ሦስት የሆቴል ክፍል ከመያዝ የእኛ ቤት ኪራይ ያነሰ ነበር፤ የተረፈው ገንዘብም ለሰፈሩ ሱቅ፣ ለዓሣ ሻጩ፣ ለውሃ አመላላሹ ልጅና ለአስጎብኚው ወጣት በቀጥታ ደርሷል። እናታቸውን ወደ ባሕር መውሰድ እየፈለጉ በጾሙና በምግቡ ምክንያት የሚተዉ ቤተሰቦች አውቃለሁ፤ ለሚቀጥለው ነሐሴ ይህን የሚያቀርብላቸው ወኪል ቢገኝ የሚሄዱ ናቸው።